ይህን ሳያዩ አገር መግባት

በየሰፈሩ አንድ ያልተሾመ አስጎብኚ አለ። ቀበሌው አያውቀውም፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ግን ሳያውቀው አይመለስም። የእኛ የነፋስ ስልክ ሰፈሩ፣ ክቡር ጋሽ በኃይሉ፣ ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። እንግዳው እግሩን ታጥቦ ሳይጨርስ ኮታቸውን ደርበው በር ላይ ይቆማሉ።

«ይህን ሳያዩ አገር መግባት ነውር ነው» ይላሉ። «ይህ» የተባለው ምን እንደሆነ ገና አልተነገረም።

«ይህ» ሊሆን የማይችል ነገር የለም። የትራፊክ መብራት ከሆነ፣ ቀዩ አረንጓዴ እስኪሆን እንግዳውን አቁመው ይጠብቃሉ፤ ሲለወጥም ራሳቸው እንዳዘዙት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ጊዜ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ከመንገድ መልሰው፣ አውሮፕላን ሲያርፍ እንዲያዩ ላፍቶ ኮረብታ አወጧቸው። ሽማግሌዎቹ አመሻሽ ላይ የልጅቷ አባት ቤት ሲደርሱ፣ የመጡበትን ጉዳይ ያስታወሱት ተረዳድተው ነው። እኔ የጋሽ በኃይሉን ድምፅ ስሰማ በጓሮ በር እወጣ ነበር።

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. አክስቴ እትዬ ሸዋረገድ ለዓይን ሞራ ከቡልጋ መጡ። ሐኪሙ «ካልተገፈፈ የቀረውም ብርሃን ይሄዳል» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ስለት ዓይናቸውን ከሚነካ መታወሩን መረጡ። ቀጠሯቸው ሐሙስ ነበር፤ ረቡዕ ሊሳፈሩ ጓዛቸውን ቋጠሩ።

ማክሰኞ ጋሽ በኃይሉ ይዘዋቸው ወጡ። እኔ የአክስቴን ክንድ እንድደግፍ ተያዝኩ። መጀመሪያ ጎተራ ቆምን።

«ይኸው፣ እትዬ፤ የአገር እህል የሚከተትበት። ደመና ይነካል።»

አክስቴ አንጋጠጡ። ለእሳቸው ሁሉም ጭጋግ ነው።

«ድመት አለው?»

ጋሽ በኃይሉ ይህን ተጠይቀው አያውቁም። «መቼም ይኖረዋል።»

«ካላየሁ አላምንም። አይጥ እንዲህ ያለውን ነው የምትወደው።»

ላፍቶ ላይ አውሮፕላኑን በጆሯቸው ጎበኙ። ስንመለስ ጋሽ በኃይሉ መንገዱ መሐል ቆሙና፣

«ትልቁን ግን ዛሬ አላሳይዎትም» አሉ። «በዚህ ዓይን ይባክናል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከሐሙስ በኋላ ያዩታል።»

«ነገ እኮ ሂያጅ ነኝ።»

«ይህን ሳያዩ አገር መግባት ነውር ነው።»

«አንተ ተንኮለኛ» አሉ አክስቴ። እስከ ቤት ሲነታረኩ መጡ። ረቡዕ ጠዋት ጓዛቸውን ፈቱ፤ ሐሙስ ሆስፒታል ገቡ።

ፋሻው በተፈታ ማግስት ጋሽ በኃይሉ ወደ አጥሩ ጥግ ጎተቱኝ።

«ሁሉን አሳይቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የለም» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ምን ላሳያቸው?»

ወዲያው አክስቴ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ጋሽ በኃይሉን ከጫማቸው ጀምረው ወደ ላይ ተመለከቷቸው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን ኮት፣ የወለቀውን ጥርስ፣ ጆሯቸው ላይ ብቻ የቀረውን ሽበት።

«ትልቁ ያልከኝ ይኸ ነው?»

ጋሽ በኃይሉ አንገታቸውን ደፉ። «ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«እውነትህን ነው። ይህን ሳላይ አገር ብገባ ነውር ነበር።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በል አሁን ድመቲቱን አሳየኝ።»

ማንም ሳይጠራኝ ኮቴን ደርቤ ተከተልኳቸው።