ቅርቡንማ ማንም ያነሳዋል

ያልተጠራ ፎቶ አንሺ የሌለው ቤተ ዘመድ ገና አልተፈጠረም። ባለሙያው ከነረዳቱ ተቀጥሮ፣ መብራቱ ተተክሎ፣ ያልተጠራው የራሱን ዕቃ አንግቶ ከተፍ ይላል። ለላሊሴ ዘመዶች ፈጣሪ የሰጣቸው ጋሽ ዓባይነህን ነው፤ የእናቷ ወንድም፣ ሱሉልታ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት፣ በዘመድ አዝማድ ዘንድ ደግሞ «ክቡር የሩቅ ጉዳይ ሚኒስትር»።

ይህን ማዕረግ ያስገኘላቸው ካሜራቸው ነው። ካሜራዋ ራሷ ኪስ የምትገባ ትንሽ ዲጂታል ናት። ፊቷ ላይ የሚጠመደው፣ ቴሌኮንቨርተር የሚሉት ማጉያ ሌንስ ግን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ያክላል። ሁለቱ አልገጥም ቢሏቸው ቡራዩ ድረስ ሄደው፣ ቶርኖ ቤት ገብተው፣ ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ማያያዣ አስቀርጸውላቸዋል። ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን ሲባሉ መልሳቸው ያው ነው፦ «ቅርቡንማ ማንም ያነሳዋል።»

ላሊሴ በዚህ ዕቃ የተደነቀችው ልጅ ሳለች ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ላይ አቁመዋት፣ ከእንጦጦ በላይ የወጣችውን ነጭ ጨረቃ በትንሿ ስክሪን አሳዩዋት። ጨረቃ ጠባሳ ነበረባት። ልጅቷ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ሰማዩን እያየች አፏን ከፍታ ቀረች፤ ፈንጣጣ ይዟት ነበር ወይ ብላም ጠየቀች። ያን ዕለት እራት አልበላ አላት። በሌላ ቀን ደግሞ ከሜዳው ማዶ የቆመ አህያ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ታየ፤ አህያ ያን ያህል ቆንጆ ዓይን እንዳለው ሰፈሩ ያወቀው ያኔ ነው።

ዕቃው ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ቅርብ ያለ ሰው ብዥ ይልበታል። ስለዚህ ጋሽ ዓባይነህ ሰው ሲያነሱ ይሸሻሉ። ክርስትና ላይ የጎረቤት የድርቆሽ ክምር ላይ ወጥተው ውሻ አላወርድ ብሏቸው አምሽተዋል። ቤተ ዘመዱ ተሰልፎ ሲጠብቅ እሳቸው ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው በስልክ ያዛሉ፦ «ትንፋሽ ያዙ።» ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሹን መያዝ ያለበት አንሺው እንጂ ተነሺው እንዳልሆነ እስኪረዱ ድረስ ስንት አዛውንት ጉንጫቸውን ነፍተው ተነስተዋል። ዙሙን እስከ መጨረሻው መሳብ የረሱ ዕለት ደግሞ የፎቶው ዳር ዳር ይጠቁርና ሰውየው በቁልፍ ቀዳዳ የታየ ይመስላል።

የላሊሴ ሠርግ ሲደርስ ግን ቤቱ ለቀልድ አልተመቸም። የወደደችው ከደቡብ መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራውን ኤልቃናን ነው፤ ጋብቻውም በእሱ፣ ማለትም በጴንጤዎቹ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተወሰነ። አባቷ ኦቦ መገርሳ ደግሞ የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ምርቃታቸው በሱሉልታ የታወቀ ነው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ አቋርጠው ወጡ እስኪቀዘቅዝ ይመርቃሉ። ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ ግን መልሳቸው አጭር ነበር።

«ሠርጉን አልከለክልም» አሉ። «ጉልበቴን ግን አላስስምም።»

ይህ ማለት ምርቃት የለም ማለት ነው። ሙሽሮች ከቤት ሲወጡ የወላጅ ጉልበት ስመው ነው የሚመረቁት። ላሊሴ አለቀሰች፤ ሽማግሌ ላከች፤ ኦቦ መገርሳ ፍንክች አላሉም።

በዕለቱ እናቷ ወይዘሮ ጠጅቱ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ሰጡ። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ሚዜዎቹ ነገሩን ለመሸፈን ዘፈኑን ከፍ አደረጉት፣ ባለሙያው ባዶው ወንበር እንዳይገባበት ካሜራውን ዘወር አደረገ፣ ላሊሴም መኪና ውስጥ ገባች። በመስኮቱ አጎቷን ብትፈልግ እሳቸውም የሉም። አባቷ ቢቀሩ በአቋማቸው ነው፤ አጎቷ ምን ሆንኩ ብለው ነው ብላ ከአባቷ ይልቅ እሳቸውን ተቀየመች።

ሠርጉ ካለፈ ከሰነባበተ በኋላ ጋሽ ዓባይነህ ሰበታ፣ ሙሽሮቹ የተከራዩት ቤት መጡ። ካሜራቸው አንገታቸው ላይ ናት። ላሊሴ ወንበር ሰጠቻቸው እንጂ ፊት አልሰጠቻቸውም።

«የት ነበሩ ጋሼ?»

«ድርቆሹ ላይ» አሉ። ካሜራዋንም ከፍተው ሰጧት።

በጥቁር ክብ መሀል፣ ከከብቶቹ በረት ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ኦቦ መገርሳ ብቻቸውን ቆመዋል። አዲስ ጋቢ ለብሰዋል። የሙሽሮቹ መኪና ከበሩ እየወጣ ነው። ኮፍያቸው ጉያቸው ውስጥ ነው፤ ሁለት መዳፋቸው ወደ መኪናው ተዘርግቷል፤ አፋቸው እየተናገረ ነው። ላሊሴ ያን አቋም አሳምራ ታውቀዋለች። ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈች። መኪናው አስፋልት ደርሷል፤ እሳቸው እንደዚያው ናቸው። በሚቀጥለው መኪናው የለም፤ አቧራው ብቻ ቀርቷል፤ መዳፋቸው አልታጠፈም።

ኤልቃና ከጀርባዋ ሆኖ ቀስ ብሎ፣ «ምን እያሉ ነው?» አላት።

«ቆይ» አለችው። «ገና አልጨረሱም።»

ጋሽ ዓባይነህ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። እንደ ጥፋተኛ ሆነው፣ ዳሩ የጠቆረው ካሜራዋ ለባትሪ ብላ ራሷን አጥፍታ ስለነበር ነው፣ ስትበራ ዙሙን ለመሳብ አልደረስኩም ሲሉ አስረዱ። የምስሉን መንቀጥቀጥ ግን በካሜራዋ ማሳበብ አልቻሉም።

«ትንፋሼን መያዝ አቃተኝ» አሉ።

በመጨረሻው ፎቶ የኦቦ መገርሳ እጅ ወርዶ፣ የጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸው ላይ ነበር። ላሊሴ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መዳፏን ዘረጋች።

«አሜን» አለች። ኤልቃናም ተከትሏት አሜን አለ።

ጋሽ ዓባይነህ ካሜራዋን ብድግ አድርገው፣ ሁለቱን ለማንሳት በልማዳቸው ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመሩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ግቢውም አይበቃቸውም፤ ዓለም ገና ከተማ ሊደርሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ላሊሴ ተነስታ ክንዳቸውን ያዘቻቸውና አጠገቧ አስቀመጠቻቸው።

«ዛሬ እንኳ አይሽሹ ጋሼ» አለቻቸው።