እትዬ ምንበላች እና የልጄ ሳል

በየፎቁ ሐኪም ባይኖር የምግብ መርማሪ አይጠፋም። ሰው ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል፤ እሱ ግን «ምሳ ምን ነበር?» ይላል። በእሱ ዘንድ ወገብ የሚቆርጠው ቲማቲም ነው፣ እንቅልፍ የሚነሳው እንቁላል፣ ትዳር የሚያፈርሰው ደግሞ ቆሞ መብላት። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከናንተ ጋር ግድግዳ የማይጋራ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

የኛ ፎቅ መርማሪ ክብርት እትዬ ምንበላች ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ይሄኛውን ያወጣንላቸው ጎረቤቶች ነን። የታመመ ልጅ ሲያዩ ከሰላምታም በፊት የሚሉት «ምን በላች?» ነዋ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሸሚዝ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰውንም የሚያዩት እንደ ሸሚዝ ነው። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ እጅጌ፣ ከዚያ ገልብጠው ውስጡን። የጥበቃ ሠራተኛውን የጉልበት ሕመም ከድንች ጋር አያይዘውታል። ከላያችን ያለው የሒሳብ መምህር ራሰ በራ የሆነው በምግብ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚጠጣ መሆኑን ፊት ለፊት ነግረውታል። ምን በላ ሳይሉ ያለፉት ብልሽት ቢኖር የሊፍቱ ብቻ ነው፤ እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም።

እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስቄባቸዋለሁ። ሳቄ የቆመው ልጄ ማሳል ስትጀምር ነው።

ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ጉንፋን ነው አልን። በሁለተኛው ክሊኒክ ወስደናት ሽሮፕ ተሰጣት፤ በሦስተኛው ሌላ ሽሮፕ። ሳሉ ግን ወይ ፍንክች! ደረቅ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይመጣና መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት ያስከትላል። ስትስቅ ይመጣል፣ ስትሮጥ ይመጣል፣ ዝም ብላ አሻንጉሊቷን ስታለብስም ይመጣል። እኔና ባለቤቴ ማንኪያ በእጃችን እንደያዝን ቀጥ እንላለን። ሥራ ቦታ አንዱን መስመር አራት ጊዜ አነባለሁ፤ በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፣ የሌላ ሰው ስህተት ፈልጌ የምኖር። ስልኬ በጠራ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

እትዬ ምንበላች የገቡት በዚህ መሃል ነው። በሩን አንኳኩተው «ግቡ» እስክንል አልጠበቁም።

«ይቺ ልጅ ምን በላች?»

«ወተት ጠጥታ ነው እትዬ» አለች ባለቤቴ።

«በቃ!» አሉ አጨብጭበው። «ወተት አይደል እንዴ አክታ የሚሆነው! ከዛሬ ጀምሮ ወተት ይቁም።»

ወተት ቆመ። ሳሉ አልቆመም። በማግስቱ ሙዝ ታገደ፤ ደረት ያቀዘቅዛል ተባለ። ቀጥሎ ብርቱካን፤ ጉሮሮ ይፍቃል። እንቁላሉ ይከብዳል፣ ብስኩቱ አቧራ ነው፣ ማሩም ማን እንደነካው አይታወቅም። በአራተኛው ሳምንት ልጃችን የቀራት ሩዝና የተቀቀለ ድንች ነበር፤ ድንቹም በጥበቃ ሠራተኛው ጉልበት ምክንያት በጥርጣሬ ይታይ ነበር።

ለምን ታዘዛችኋቸው ትሉ ይሆናል። ፈርተን ነበራ! ክሊኒኩ «ታገሱ፣ ይለቃታል» ይለናል። ተቀምጦ መጠበቅ ደግሞ ለወላጅ ከሁሉም የከፋ ሥራ ነው። እሳቸው ቢያንስ የምናደርገው ነገር ይሰጡን ነበር። ዛሬ ሙዝ ከለከልን፣ ስለዚህ ዛሬ ልጃችንን ተንከባከብን ማለት ነው።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ልጅቷን ስታለብሳት ሱሪዋ ከወገቧ ላይ ሸርተት ብሎ መሬት ወረደ። ባለቤቴ ሱሪውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው። በዚያው ቅጽበት እትዬ ምንበላች ገቡና ስለ ሩዝ አንድ አዲስ ነገር መጠርጠራቸውን ማስረዳት ጀመሩ።

«እትዬ!» አለች ባለቤቴ። ድምፅዋ የተቆጣም ያለቀሰም ሰው ድምፅ ነበር። «ልጄን በረሃብ ሊጨርሱብኝ ነው? ሁለተኛ ማዕድ ቤቴ እንዳይገቡ!»

እትዬ ምንበላች መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መልሰው ወጡ። በሩን ሲዘጉት ድምፅ እንኳ አላሰማም።

በዚያው ቀን ክሊኒክ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ ምን ምን እንደከለከልናት ሲሰማ ቆጣ አለ። «የምታድግ ልጅ ናት እኮ! ወተቷም እንቁላሏም ይመለስላት።» ደረቷን አዳምጦ «አስም ሊሆን ይችላል» አለና የሚነፋ መድኃኒት አዘዘልን። ልጃችን እንቁላሏን ስታገኝ እንደ ዘመድ ተቀበለችው። መድኃኒቱን በየቀኑ ነፋንላት። ሳሉ ግን ቁጥሩን እንኳ አልቀነሰም። በአሥረኛው ቀን ግንባሯ ማተኮስ ጀመረ፤ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ እየገባ ይወጣል። የመጨረሻውን ተስፋችንን እንደጨረስን ሁለታችንም ገብቶናል።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ምንበላች ናቸው፤ እግራቸውን ከደፋችን ወዲህ አላሳለፉም። እጃቸው ላይ የተማሪ ደብተር ይዘዋል።

«አልገባም» አሉ። «ቃሏን አክብሬ እዚሁ ነኝ። ግን ስማኝ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሳሏ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ስቆጥር ነው የከረምኩት።» ደብተሩን ገለጡ። «ወተት ስትጠጣ ከጠዋት እስከ ማታ ሃያ ሁለት ጊዜ። ወተት ሲቆም ሃያ ሦስት። ሙዝ ሲቆም ሃያ አንድ። እንቁላል ሲመለስላት ሃያ ሁለት።» ቀና ብለው አዩኝ። «ተሳስቻለሁ። ወተቱም ሙዙም አይደለም።»

በዚህ ሕንጻ ስድስት ዓመት ስንኖር ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምተን አናውቅም። ከጀርባዬ ባለቤቴ ልጅቷን አቅፋ መጥታ ቆመች።

«ፋብሪካ እያለሁ የተበላሸ ሸሚዝ ሲገኝ፣ ማን ሰፋው አንልም ነበር» ብለው ቀጠሉ። «ከየትኛው ሸሚዝ ጀመረ ነው የምንለው። የመጀመሪያውን ካገኘኸው መርፌዋ መቼ እንደተሰበረች ታውቃለህ። አሁን አንተ ንገረኝ፤ የመጀመሪያዋን ሳል የሰማሃት መቼ ነው?»

«አምስት ሳምንት አልፎታል፣ ስድስት...»

«ሳምንት አልጠየቅኩህም። ቀኑን።»

ቀኑን አወቅኩት።

«ቅዳሜ ነበር» አልኩ። «ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም።»

ባለቤቴ ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታ ነበር። እኔ ሶፋው ላይ ሥራዬን እያረምኩ የተቆላ ኦቾሎኒ እበላለሁ። ልጄ በጠረጴዛው ዙሪያ እየሮጠች፣ ባለፈች ቁጥር ከሳህኑ አንድ ሁለት ታነሳለች። አንዴ አፏን ሞልታ ስትስቅ ትን አላት። ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ አሳላት፤ ብድግ ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት። ትንሽ ቆይቶ ተዋት። ውሃ ጠጣችና ሩጫዋን ቀጠለች። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ይህን ሁሉ እዚያው በር ላይ ቆሜ ተናገርኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ባለቤቴ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ወዲያው ተዋት እኮ... እየሳቀች ሄደች... ረሳሁት።»

መርሳቴ እውነት ነው። ግን በዚያ ቅዳሜ ባለቤቴ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ገና አልረሳሁትም ነበር። እንዳትቆጣኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይህን እዚያ በር ላይ ቆሜ ለመናገር አልደፈርኩም፤ እሷ ግን ከፊቴ አነበበችው።

እትዬ ምንበላች የነገርኳቸውን ጽፈው ደብተሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

«ኋላ ትጣላላችሁ። ጫማህን አድርግ፤ ሆስፒታል ነው።»

የሆስፒታሉ የሕፃናት ሐኪም ማዳመጫዋን በግራ በኩል አደረገች፣ በቀኝ፣ ደግማ በግራ፣ ደግማ በቀኝ። ቀኙ ላይ ቆየች። «በዚህ በኩል አየር በደንብ አይገባም» አለች። «ስትበላ ትን ያላት ጊዜ ነበር?»

እኔን ቀድመው እትዬ ምንበላች ደብተራቸውን ገልጠው አነበቡ፤ «ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ኦቾሎኒ፣ እየሮጠች። ከዚያ በፊት ሳል የለም።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ኦቾሎኒ ራጅ ላይ እንደማይታይ፣ ወደ ሳንባ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ ተሰክቶ ለሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ከጉንፋን እስከ አስም ሁሉንም ሊመስል እንደሚችል ነገረችን። «ለዚህ ዕድሜ ልጅ ኦቾሎኒ በፍጹም አይሰጥም» አለች እኔን እያየች። ከዚያ በማደንዘዣ አስተኝተው፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ገብተው ሊያዩላት መወሰኗን ነገረችን። ዛሬውኑ።

ልጄን ከእጄ ሲወስዷት አንድ ጊዜ አሳላት። በሩ ተዘጋ።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቅን። ባለቤቴ በአግዳሚው አንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣ እትዬ ምንበላች መሃል። ባለቤቴ ከቤት ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አላናገረችኝም። ይበልጥ ያስፈሩኝ ግን እትዬ ምንበላች ናቸው። ጎናችን ያለው ሰውዬ ሆዱን ይዞ ሲያቃስት እንኳ ምን በላህ አላሉትም። የልጄን ሹራብ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ስፌቱን በጣታቸው ይከተላሉ፣ ጫፍ ሲደርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

«ሁለት ሳምንት» አሉ ድንገት፣ ለማንም ሳይሆን። «ሁለት ሳምንት ወተት ላይ አባከንኩባት።»

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ። እኔ ነኝ» አልኩ።

እትዬ ምንበላች ሹራቡን አጣጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

በሩ ሲከፈት ሦስታችንም እኩል ተነሳን። ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች፤ እየሳቀች ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ግማሽ ኦቾሎኒ፣ አብጦ ጠቁሮ ተቀምጧል። «ወጣልን። ደህና ናት።» ባለቤቴ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። እኔ ያለቀስኩት እንደ ሕፃን ነው።

እትዬ ምንበላች ግን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ብልቃጡን ወደ መብራቱ ከፍ አደረጉት።

«ይቺ ግማሽ ናት። ሌላዋ ግማሽስ?»

«ሁለቱንም ወገን አይተናል፣ እማማ። የለም፤ ያኔውኑ ውጣው ይሆናል።»

«ሁለቴ አያችሁት?»

«ሁለቴ።»

«ይሁን» አሉ። ብልቃጡን መለሱላት፤ ሐኪሟም ፈተና ያለፈች ተማሪ መሰለች።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ነርስ ብቅ አለች። «ልትነቃ ነው። የቅርብ ቤተሰብ ብቻ፣ ያውም ሁለት ሰው።» እትዬ ምንበላችን አየቻቸው። «እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?»

ለሁሉም ነገር መልስ ያላቸው ሴት ደብተሩን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔማ... እኔ ጎረቤ...»

«እናቴ ናት» አለች ባለቤቴ። «ናቸው» አላለችም። ክንዳቸውን ያዘች። «እኔና እሷ እንገባለን።»

በሩ ላይ ባለው መስታወት አየኋቸው። ባለቤቴ ጉንጯን ከልጄ ጉንጭ ጋር አድርጋለች። እትዬ ምንበላች መዳፋቸውን በልጄ ደረት ላይ አኑረዋል፤ መዳፋቸው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል። ሳል የለም። ያን ሁሉ ዓመት ስስቅባቸው የኖርኩትን ሴትዮ እያየሁ፣ ከዚህ ሕንጻ ለቀው ይሄዱ ይሆን የሚል አዲስ ስጋት ያዘኝ።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወጡ።

«በል ግባ፤ ትጠራሃለች።»

«ማን? ልጄ?»

«እናቷም» አሉና ሹራቡን ከእጄ ተቀብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።