ምኞት ለካሁ ያለው ዶክተር

የሰውን ምኞት በቁጥር የሚለካ ባለሙያ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። አቃቂ የማስተምርበት ኮሌጅ ድረስ መጥቶ፣ የተለያዩ አገሮች ተማሪዎችን የስኬት ጥማት እያወዳደረ መሆኑን ነገረኝ። ጃፓንን ጨርሷል፤ የቀረነው እኛ ነን። ለዶክተር ምን ይሳነዋል?

መጠይቁን ለተመራቂ ተማሪዎቼ አደለና «ስም አይጻፍም» ብሎ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀ። እስቲ ፍረዱ፤ እዚህ አገር ስም የማይጻፍበት ወረቀት ማን አይቶ ያውቃል? ልጆቹ ተያዩ። ሰውየው ለሥራ ሊመዘግበን ነው የመጣው ብለው ደመደሙ። «ለስኬት ምን ያህል ትጥራለህ?» የሚለው ላይ ሁሉም «እጅግ በጣም» የሚለውን መረጡ። ከግርጌው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ስልክ ቁጥር ጻፉ፤ አንዳንዱም የመታወቂያ ኮፒ አያይዟል። ትዕግሥት የምትባል ጎበዝ ተማሪዬ ደግሞ «የማታ ፈረቃም እሠራለሁ» ብላ ጻፈችበት።

ዶክተሩ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ተበላሸብኝ፣ መምህር። ተማሪዎችህ ስኬት ማለት ምን እንደሆነ አልገባቸውም» አለኝ። ከውድድሩም አስወጣን።

ይህ ከሆነ ዓመት ሞላው። ልጆቹ ተመርቀዋል። ትዕግሥት ግን አሁንም በየሳምንቱ ከቂሊንጦ ሁለት ታክሲ ይዛ እየመጣች የኮሌጁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ታነባለች። ትናንት በሩ ላይ አገኘኋት።

«መምህር፣ ያ የሞላነው ፎርም ውጤቱ አልተለጠፈም እንዴ?»

«ገና ነው» ብዬ ዋሸኋት።

«እሺ፣ እንግዲያው ሰኞ እመለሳለሁ» አለችኝ።

እንደምትመለስ አውቃለሁ። እስቲ ለዚህ ስንት ቁጥር ትሰጡታላችሁ?