«የት ያዝካት?» ሳይባል የሚወጣ ጋኔን

ከቴሌቪዥን ጋር የማይከራከር አበሻ አውቃለሁ የሚል ሰው ካለ ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ አበሻ አያውቅም። በየቤቱ አንድ አለ። ኳስ ሲሆን አሠልጣኝ፣ ድራማ ሲሆን ሽማግሌ፣ ዜና ሲሆን ሚኒስትር ሆኖ የሚውል። የእኔ ዕጣ ግን ከሁሉም የከፋ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ማሪቢርኖንግ በሚባል ሰፈር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቴ ክብርት እትዬ ዓለምጸሐይ፣ የርኩሳን መናፍስት ጉዳይ ከፍተኛ ኤክስፐርት ነበሩ።

እትዬ ጡረተኛ ናቸው፣ ጿሚ ናቸው፣ አስቀዳሽ ናቸው። ሰይጣን ሰው ላይ አድሮ የሚለፈልፍበት ፊልም ካገኙ ግን ምሳቸውን ይረሳሉ። ያውም ርካሹን። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን አይወዱም፤ «ጋኔን በኮምፒውተር አይሠራም» ይላሉ። የሚወዱት ፊቷን ዱቄት የተቀባች ልጅ ድምጿ እስኪዘጋ የምትጮህበትን፣ አልጋው ሲንቀጠቀጥ የሚያንቀጠቅጠው ሰውዬ እጅ ከሥር የሚታይበትን፣ ጸሎቱ ሲጦፍ የቄሱ ጢም የሚላቀቅበትን ነው።

«ብሥራት፣ አንድ አዲስ ለቀዋል፤ ና» ይሉኛል ቅዳሜ በአጥሩ በኩል። እንደ እኔ ያለ የተማረ፣ ዘመናዊ፣ በከንቱ ነገር የማያምን ሰው ምን ያደርጋል? ይሄዳል።

መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ የጠበል ጠርሙስ ከሪሞቱ ጎን ተቀምጦ ነው የምናየው። ፀሐይ እያለ ለምን እንደሚያዩ ብጠይቃቸው «የፈረንጅ ጋኔን ናይት ሺፍት ነው፤ አሁን ተኝቷል» አሉኝ። የእኛው በቀትር እንደሚሠራም አስታወሱኝ። በዐቢይ ጾም እንኳ ለምን እንደማያቋርጡ ስጠይቃቸው፣ ጠላትን ማወቅ ግዴታ መሆኑን ከመጽሐፍ እየጠቀሱ አስረዱኝ። ሰይጣን ለአመሉ ጥቅስ ይጠቅሳል የሚለው ተረት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ጠበሉ ቅርብ ስለነበረ ዋጥኩት።

ትልቁ ቅሬታቸው በቄሶቹ ላይ ነው። የፈረንጁ ቄስ ገና በሩን ሲከፍት መስቀሉን ዘርግቶ «ልቀቅ! ልቀቅ!» ይላል። እትዬ ጭናቸውን ይመታሉ።

«የት ያዝካት ብሎ ሳይጠይቅ?»

ጠበል ቦታ የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው ሥራው ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ጋኔኑ «የት ያዝካት?» ይባላል። «ወንዝ ዳር፣ በቀትር» ብሎ ይለፈልፋል። ቀጥሎ «ትለቃለህ አትለቅም?» ይባላል። እምቢ ይላል፣ ጠበሉ ይጨመርበታል፣ ምሎ ይለቃል። «ሳይናዘዝ የወጣ ተመልሶ ይገባል» ይላሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው፤ በዓመቱ ክፍል ሁለት ይመጣል።

ከከተማው ጫፍ፣ ታርኔት በሚባል አዲስ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ማሂ ይህ ሁሉ አይገባትም። «ማም፣ ይኼ ነገር ስትሬስ ያደርግሻል፤ ዶክመንተሪ እዪ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን የአንበሳ ዶክመንተሪ ከፍታላቸው ሄደች። አንበሳውን «የት ያዝካት?» ሲሉት በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

ከዚያ ቤቱን የሚያከራየው ኤጀንት ኖቲስ ላከ። አከራያቸው ቤቱን ለልጁ ፈልጎታል። እትዬ ከካርቱም ሲመጡ ሻንጣቸውን ያሳረፉበት፣ ማሂን ያሳደጉበት፣ ባላቸውን የሸኙበት ቤት ነው። ማሂ ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች ተረጎመችላቸው፤ ስለ ቦንዱ መያዣ ገንዘብ፣ ስለ ኢንስፔክሽን፣ ስለ ምንጣፍ ማሳጠብ።

«በአጭሩ ምን ይላል?» አሉ።

«ልቀቂ ነው የሚለው፣ ማም።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና እንደልማዳችን ተቀመጥን። ባልና ሚስት ያረጀ ቤት ገዝተው ይገባሉ፣ ሳህን ይበራል፣ ቄስ ይጠራል፣ «ልቀቅ!» ይባላል። ጭናቸው እስኪመታ ጠበቅሁ። አልተመታም።

«ቤቱ ውስጥ ማን ነበር የቆየው?» አሉ እትዬ።

«ጋኔኑ ነዋ።»

«እንግዲህ። እነሱ ትናንት መጥተው ልቀቅ ይሉታል።»

«እትዬ፣ ሰይጣን እኮ ነው።»

«ቢሆንስ? የት ይሂድ? ታርኔት?»

ሳቅሁ። ዞር ብዬ ሳያቸው እርሳቸው አልሳቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ጋኔኑ ሲባረር፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አዝኜለት ነበር።

ለቀቁ። ሶፋውን ወደ ማሂ ቤት ራሴ ጫንኩላቸው። የአከራዩ ልጅ ገባ፤ ጸጥተኛ፣ ጨዋ፣ ሰላምታ የማይነፍግ ልጅ ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ያሉ አባቶች እሱን አይተው መሆን አለበት። ቅዳሜ ግድግዳው ዝም ሲል ጆሮዬን እለጥፍበት ጀመር። እትዬ ናፈቁኝ።

አንድ ቀን ማሂ ደወለች። «ብሥራት፣ ቲቪውን አትከፍተውም። የሰይጣኑን እንኳ። ዝም ብላ መስኮት ታያለች።» ሲሰሙት ጆሮ የሚያመውን፣ እስከዛሬ ከተሠሩት ሁሉ የመጨረሻ ርካሹን ፊልም መርጬ ወደ ታርኔት ነዳሁ።

እትዬ አዲሱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ነጭ፣ ውጪው ገና ያልበቀለ ዛፍ ነው።

«እዚህ ሰፈር ጋኔን እንኳ የለም» አሉኝ። «ማንም ያልኖረበት ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ፊልሙን ከፈትኩት። ልጅቷ ጮኸች፣ ቄሱ ገባ፣ «ልቀቅ!» አለ። እትዬ መስኮቱን ያያሉ። ያለኝ መድኃኒት አንድ ነበር።

«ይኼ ቄስ ግን ጎበዝ ነው» አልኩ። «ሥራውን ያውቃል።»

አንገታቸው ቀስ ብሎ ዞረ።

«ያውቃል? የት ያዝካት ብሎ ሳይጠይቅ?» ጭናቸው ተመታ። «ድምፁን ጨምረው እስቲ።»

ማሂ ከኩሽና ብቅ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ አፏ ግን ያው ነው። «ሲሪየስሊ ብሥራት? ይኼን ልታይ ነው ይኼን ሁሉ የነዳኸው? ምን ነካህ?»

እትዬ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አዩኝ፤ እኔን ሳይሆን በእኔ ላይ ያለውን።

«የት ያዝከው?»

ድምፄን አጎረነንኩ። «ማሪቢርኖንግ። ሶፋ ላይ። ቅዳሜ በቀትር።»

«ትለቃለህ አትለቅም?»

«አልለቅም።»

የጠበሉን ጠርሙስ አነሡ። ትንሽ አሰቡበትና መልሰው አስቀመጡት።

«ይኼስ ይኑር» አሉ።