ሊቀ ልጣጭና ሐምራዊዋ ዮዮ

ወሬው እንዲህ ይላል፦ ራጅ አንሺው ጎረቤታችን የሚስቱን ዮዮ ቀለሟን ልጦ ራቁቷን አስቀርቷታል፤ የላጠበት ድስት ያለ እሳት ፈልቶ አልቋል፤ ሚስትየውም ይህን ጉድ ስታይ ሻንጣዋን ይዛ ውልቅ ብላለች። ወሬውን ወደ ካፌያችን ያመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሱ ከደንበኛው ሰማ፤ ደንበኛው ከምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ ሰማ፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ብላ ትምላለች።

እኔ ግን ተጠራጠርኩ። «ሰውየው እንዲህ አያደርግም» ብዬ አይደለም። ያደርጋል፤ ያውም እያፏጨ! የተጠራጠርኩት በዕለቱ እዚያው ስለነበርኩ ነው። ሰዓት ያዥው እኔ ነበርኩ።

በዚህ ዓለም ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው አዲስ ዕቃ ሲገዛ መሸፈኛ ፕላስቲኩን ሳያነሳ አሥር ዓመት ይገለገልበታል። ሁለተኛው ፕላስቲኩን፣ ከፕላስቲኩ ስር ያለውን ቀለም፣ ከቀለሙ ስር ያለውን ሌላ ቀለም ካላነሳ ምግብ አይበላለትም። ይህ ሁለተኛው ከየትኛውም ሕንፃ፣ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት አይጠፋም። የኛው ግን የሁሉም አለቃ ስለሆነ ካፌው በሙሉ ድምፅ «ክቡር ሊቀ ልጣጭ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል።

ክቡርነቱ የቤቱን በር ልጧል። ሰባት ድርብ ቀለም ነበረው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሕንፃውን በሙሉ በጩኸት ጠርቶ «ይኸው! ሮዝ ነበረ!» አለን። ሰባት ቤተሰብ ደረጃው ላይ ተሰልፈን ሮዝ አየን። የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ ቁጥሮች ፍቆ አጥፍቷቸዋል፤ አሁን ቤተሰቡ ጣቢያ የሚቀይረው በእምነት ነው። ቤቴ ሲመጣ ጠረጴዛዬን በፎጣ እሸፍናለሁ፤ አረንጓዴዋን የብረት የእጅ ባትሪዬንም ትራስ ስር እቀብራለሁ። እሷን አንዴ በጥፍሩ ሲሞክራት አይቼዋለሁ።

«ከስር ምን አለ? ጥያቄው እሱ ነው!» ይላል ሁልጊዜ። የሥራው ጠባይ መሆን አለበት። ሰውን ሲያይ ቆዳው አይታየውም። አንድ ጊዜ ደረቴን ራጅ አንስቶኝ ፊልሙን ብርሃን ላይ ዘርግቶ «ፊትህን ተወው፤ የጎድን አጥንትህ ግን የመኳንንት ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ሚስቱ የሒሳብ መምህርት ናት። የምትወዳት አንዲት ሐምራዊ የአሉሚኒየም ዮዮ አለቻት። ፈተና ስታወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትወረውራታለች፤ ዮዮዋ ክሩ ጫፍ ላይ ድምፅ ሳታሰማ እየዞረች ትቆያለች፤ መልሳ ስትጠራት ደግሞ እጇ ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ዮዮዋ የአባቷ ነበረች። አባቷ አሳንሰር ጠጋኝ ነበሩ፤ መለዋወጫ እስኪመጣላቸው ሲጠብቁ አንዱን ጎኗን በአውራ ጣታቸው እያሹ ያስቡ ነበር። ሃያ ዓመት ስላሿት በዚያ ጎን ሐምራዊው ሳስቶ፣ ጣት የምታክል ነጣ ያለች ቦታ ቀርታለች። እሳቸው ካረፉ ወዲህ መምህርቷ ጣቷን እዚያች ላይ ሳታሳርፍ ወርውራት አታውቅም።

ታዲያ ዮዮዋ ደረጃ ላይ ወደቀች። ሌላኛው ጎኗ ክፉኛ ተጫረ፤ ጠርዙም ክር መብላትና ጣት መቧጨር ጀመረ። መምህርቷ በማግስቱ ለአራት ቀን ሥልጠና ስትወጣ ሻንጣዋን ደረጃው ላይ አቁማ ባሏን ጠራችው። እኔም በሬ ላይ ነበርኩ።

«ስማኝ፤ የተጫረውን ጎን ብቻ። አለስልሰህ ጠብቀኝ።»

«እሺ።»

«ይሄኛውን ጎን በዓይንህም እንዳትነካው። የአባዬ ጣት ነው።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

«እሺ ያልከኝን በር አይቼዋለሁ።» ወደኔ ዞረች። «አንተም ምስክር ነህ። አደራ!»

ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወረደች። ልብስ ሰፊዋ በመስኮቷ አየቻት። የወሬው ሻንጣ እንግዲህ ይህ ነው።

በነጋታው ወደ ቤቱ ስወጣ ክቡርነቱ ዮዮዋን ፈትቷት አገኘሁት። ቡሎኗ፣ ትንሿ ኩሽኔታ፣ የጎማ ቀለበቶቿ ሳህን ላይ ተደርድረዋል። የአባትየውን ጎን ካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ ካልሲውን ቋጥሮ እጄ ላይ አኖረው።

«ያዝ። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሽተኛ አጠገብ እንደሚያወራ ሰው፣ ነገሩን አስረዳኝ። «ይሄ እንደ በር ቀለም አይምሰልህ። ቀለም ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይሄ ግን አሉሚኒየሙን በኤሌክትሪክ አስጨንቀው ራሱ ያወጣው ቆዳ ነው፤ ማቅለሚያው ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። በብርጭቆ ወረቀት ብፍቀው ወረቀቱ ነው የሚያልቀው። ይሄን የሚያነሳው ካስቲክ ሶዳ ነው።» ካስቲክ ሶዳ ያው የተደፈነ የመታጠቢያ ቤት ቱቦ የምንከፍትበት፣ ቆዳ የሚያቃጥል ዱቄት ነው።

ዝግጅቱን ላየ የልብ ቀዶ ጥገና ይመስለዋል። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። ጓንቱ እስከ ክርኑ፣ መነጽሩ ዓይኑን ከነቅንድቡ የሸፈነ። ደረቱ ላይ ከራጅ ክፍል በዕድሜ የተሰናበተ፣ ጨረር የሚከልል የእርሳስ ሽርጥ አንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ የእርሳሱ ሽርጥ ለምንድን ነው?»

«ለክብር።»

ውኃ ድስት ውስጥ ቀዳ። «ውኃ ላይ ሶዳ! ሶዳ ላይ ውኃ በጭራሽ!» እያለ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨመረ። ድስቱ መንሿሿት ጀመረ።

«ኃይለኛ ነው» አለ በኩራት።

መንሿሿቱ ወደ መንፈቅፈቅ፣ መንፈቅፈቁ ወደ መፍላት ተለወጠ። እንፋሎት ተነሳ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ዮዮዋ እኮ ገና አልገባችም።»

እጁ ላይ ያለውን ግማሽ ዮዮ አየ። ድስቱን አየ። እንደገና ዮዮዋን አየ።

«ድስቱ ከምንድን ነው የተሠራው?» ሲል ጠየቀኝ። በሰው ሥጋ ውስጥ የተሰነጠቀ አጥንት ለይቶ የሚያይ ሰው፣ የገዛ ሚስቱ ድስት አሉሚኒየም መሆኑ አልታየውም ነበር!

ሶዳው የድስቱን ሆድ በልቶ ሲበቃው ፈቀቅ ብለን ጠበቅን። ጋብ ሲል በጓንቱ ይዞት፣ ሽርጡን እያንቋቋ ወደ ጓሮ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ አሁንም መስኮቷ ላይ ናት። እሳት ሳይነካው የሚጨስ ድስትና በእርሳስ የታጠቀ ሰው አየች። እኔም ብሆን አወራ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በፕላስቲክ ባልዲ ሆነ። የተጫረውን ግማሽ በላስቲክ ክር አንጠልጥሎ አጠለቀው፤ እኔ ሰዓቱን ያዝኩ። ሰላሳ ሴኮንድ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ዙሪያውን ከበቡት። አንድ ደቂቃ ላይ ሐምራዊው መሄድ ጀመረ። መሄድ ነው የምለው፤ አልተላጠም፣ አልተሰነጠቀም። እስትንፋስ መስተዋት ላይ እንደሚጠፋው፣ ከጠርዙ ጀምሮ ዝም ብሎ ሄደ። እኔ ብዙ ነገር ሲያልቅ አይቻለሁ፤ በዚህ ጨዋነት ሲያልቅ ያየሁት ግን የለም። ሊቀ ልጣጭም አላፏጨም። ሁለታችንም መተንፈስ ረስተን ነበር።

«ሦስት ደቂቃ!»

አወጣው፤ በብዙ ውኃ አጠበው። ላዩ ላይ የቀረውን ጥቁር ጥላሸት ሲጠርገው ከስሩ ፈዛዛ ብረት ብቅ አለ። ጭረቱን በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት እያሻሸ፣ በጨርቅ እየወለወለ ሲውል፣ ከሰዓት በኋላ እጁ ላይ መስተዋት ነበር።

«እሺ ጋሼ፣ ከስር ምን አለ?» አልኩት።

ቀና አድርጎ ቢያየው የራሱ አፍንጫ ነው። በጨርቁ እንደገና ወለወለው።

ከዚያ ያቺ የፈራኋት ሰዓት መጣች። «ካልሲውን ስጠኝ፣ ለመመዘን ብቻ» አለኝ። ሰጠሁት። ሁለቱን ግማሾች በየተራ የኩሽና ሚዛን ላይ አስቀመጠ። የተላጠው ጎን በግማሽ ግራም ያህል ቀሏል።

«ይኸውልህ። ዮዮ ማለት ሚዛን ነው። ሁለቱ ጎን ካልተካከለ ስትዞር ትንቀጠቀጣለች። ሁለተኛው መግባት አለበት። ሁለት ደቂቃ ቢቆይ ነው።»

«አደራውስ?»

«አደራው ደህና ዮዮ እንድትሆን ነው።»

ክርክሩ ቀዳዳ አልነበረውም። ይባስ ብሎ፣ ልንገራችሁ፣ ያን መስተዋት ካየሁ በኋላ እኔም ጎመጀሁ። ምስክር ተብዬው «እንግዲህ ካልክ ይግባ» አልኩና ሰዓቴን አነሳሁ። እንዲህ ነኝ እኔ።

ግማሹን በክሩ አንጠልጥሎ ባልዲው ላይ ያዘው። ከፈሳሹ አንድ ጣት ያህል ይርቃል። ከዚያ፣ ሰው የሚያስረክበውን ዕቃ አንዴ እንደሚያየው፣ ወደ መስኮቱ አዞረው። ነጣ ያለችው ቦታ ብርሃኑን ያዘች። አንዱን ጓንት አውልቆ አውራ ጣቱን እዚያ ላይ አሳረፈ። አልሞላትም፤ የአሳንሰር ጠጋኙ ጣት ከሱ ይበልጣል። ከባልዲው አራቀው።

«ይሄኛው ተልጧል» አለኝ።

«የቱ ጋ?»

«አባቷ ቀድመውኛል። ያለ ሶዳ፣ ያለ ጓንት፣ ሃያ ዓመት ፈጅተው። እኔ በሁለት ደቂቃ ላጠፋው ነበር!» ራሱን ነቀነቀ። «ምን ዓይነት እጅ ነው፣ በናትህ!»

በስንት ዓመት ጉርብትናችን፣ ሊቀ ልጣጭ በሌላ ላጭ ፊት ጎንበስ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ግማሹን መልሶ ካልሲው ውስጥ ከተተው፤ አሁን የቋጠረው ግን ሦስት ጊዜ ነው።

መምህርቷ በአራተኛው ቀን ደረሰች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እጇን ዘረጋች። አንድ ጎኗ መስተዋት፣ አንድ ጎኗ ሐምራዊ የሆነችውን ዮዮ ገልብጣ መጀመሪያ ያየችው ነጣ ያለችዋን ቦታ ነው። ትንፋሿን ለቀቀች። ጣቷን አሳርፋ ወረወረቻት። ዮዮዋ ክሩ ጫፍ ላይ ቆማ ዞረች፤ በብርማውና በሐምራዊው መሐል ኮሪደሩ በራ።

«ትንሽ ትንቀጠቀጣለች» አለች።

እኔ ዓይኔን ወደ ጣሪያው ሰቀልኩ። ባሏ «ግማሽ ግራም ናት፤ ላስተካክላት ብዬ ነበር፣ ግን...» ብሎ ዋጠው።

«ተዋት። በስተርጅና የአባዬም እጅ እንዲሁ ነበር።» ሦስት ጊዜ ወረወረቻት። አራተኛው ላይ ኩሽናውን ማየት ጀመረች። «ድስቴስ?»

ክቡርነቱ ለአስቸኳይ ራጅ ተጠርቶ ወጣ።

ይህ እንግዲህ እኔ ያየሁት ነው። ትናንት ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ዘርግፎ ሳይጨርስ ሊቀ ልጣጭ ራሱ ካፌው ገባ፤ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ለስላሳ አዘዘ። የማውቀውን ሁሉ ልናገርለት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ እሱ ይናገር ብዬ። ኪሴ ውስጥ እጄን ሰድጄ ለዓመታት ትራስ ስር የደበቅኳትን አረንጓዴ የእጅ ባትሪዬን አወጣሁና፣ ይላጣት ብዬ ፊቱ አስቀመጥኳት። አያት፤ አየኝ፤ ዓይኑ ሲርስ ያየሁ መሰለኝ።

«እሺ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «የባለቤትህን ዮዮ ልጠህ፣ ድስት አቅልጠህ፣ ትዳር በትነሃል ይባላል። እውነት ነው?»

ክቡር ሊቀ ልጣጭ የለስላሳውን ጠርሙስ ወረቀት በአውራ ጣቱ ጥፍር ከጫፉ ጀምሮ ሳይቀድ፣ በአንድ ወጥ አንስቶ፣ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ ዘረጋው። ከዚያ ቀና ብሎ ቤቱን በሙሉ አየ።

«ውሸት ነው» አለ። «እኔ በሕይወቴ አንድም ነገር ልጬ አላውቅም።»