ለሰደፍ የሚሆን እንጨት

ምክር ጠይቆ፣ መልሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ያጋጠማችሁ ንዴቴን ትረዱልኛላችሁ። እንዲህ ያለው ሰው ምክሩን ትቶ አንዲት ቃል ብቻ መዝዞ ነው የሚሄደው። እኔ እንዲህ ያለ ወንድም አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን ሲ.ኤም.ሲ አዲስ ቤት ሠራና የሟች አባታችንን ጠመንጃ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ልስቀል አለ። ሰደፉ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ "ጋሼ፣ ለሰደፍ ምን እንጨት ይሻላል?" አለኝ። እንጨት ሥራ የማስተምር ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ ጀመርኩ። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ ዋንዛ ደህና ነው፣ ዋናው ነገር ግን ጥላ ውስጥ ቆይቶ በደንብ... ሰሎሞን ተነሥቷል።

በማርያም ዕለት እናቴን ይዤ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። ኮተቤ ወደ እናቴ ቤት ስንመለስ፣ እናቴ በሙሽርነቷ የተከለችው፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር የምትቀመጥበት ዋንዛ ግቢው ውስጥ ተጋድሟል። ሰሎሞን ከግንዱ አንዲት ቁራጭ አስቆርጦ ታቅፏል።

"አንተ አይደለህ ዋንዛ ያልከኝ?"

ምን እንዳልኩት እዚህ አይጻፍም፤ ጎረቤት በአጥር ብቅ ብሎ ሰምቷልና እሱን ጠይቁ። ለግድግዳ ጌጥ ያን የሚያህል ዛፍ! እናንተስ ብትሆኑ? እናቴ ግን ጉቶውን በመዳፏ ዳበሰችና ወደ ቤት ገባች።

እርጥቡን እንጨት ወስዶ አስቀረጸው። ብዙም ሳይቆይ ሰደፉ ተጣመመ። ደውሎ፣ "አሳሳትከኝ እኮ" ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እሑድ ምሳ ሊበላ መጣ። እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ እናቴ አቀረበችለት። እጁን ከታጠበ በኋላ፣ "የጠመንጃው ፈቃድ በእኔ ስም ነው" አለችው። "ነገ ወስደን ለመንግሥት እናስረክባለን።"

ሊከራከር አፉን ከፈተ። አየችው። ዘጋው።

በማግስቱ በእሱ መኪና ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ተረካቢው ወጣት ፖሊስ ጠመንጃውን አገላበጠና የተጣመመው ሰደፍ ላይ ዓይኑን ተከለ።

"እማማ፣ ይሄን ማን ነው የሠራው?"

"ልጆቼ" አለችው።

ልጆቼ። እስቲ አሁን እኔን ምን አስገባኝ?