መርማሪይቱ በኮረብታው ማጠራቀሚያ ላይ የተነሣውን ጠላት ድል እንደ ነሡ

የውሃ ጥራት መርማሪይቱ በተሾሙ በሰባተኛው ዓመት፣ የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ማንኮራፋቱን በተወ በሁለተኛው ዘመን፣ በዕለተ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዐቃቢተ ማይ፣ መርማሪተ ጠብታ፣ ንጽሕተ ብልቃጥ የሚባሉት እኚህ ሴት በመቆጣጠሪያው ክፍል ተቀምጠው፣ አራት ከተሞች የሚጠጡትን ውሃ በስክሪን ሲጠብቁ ሳለ፣ ከኮረብታው ማጠራቀሚያ ሁለት ክፉ ወሬ ተከታትሎ ደረሰ። መጀመሪያ የመሣሪያ ክፍሉ በር ተከፈተ የሚል ቀይ መብራት በራ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ውሃውን ከጀርም የሚጠብቀው ክሎሪን፣ ዘወትር በነጥብ አምስት ዙፋን ላይ የሚቀመጠው፣ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ተፈጠፈጠ። የማጠራቀሚያው ዘበኛ ስልክም ይጠራል እንጂ አይነሣም።

ወእምዝ ሥራ አስኪያጁ፣ ባለ ሦስት ማኅተም፣ ከቢሮአቸው ወጥተው፣ ክራባታቸው ወደ ትከሻቸው ዞሮ፣ ይህን አዋጅ አስነገሩ።

«ስሙ! በሩን ማን እንደከፈተው አናውቅም። ውሃው ውስጥ ምን እንደገባም አናውቅም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ንጹሕ ነው ካላላችሁኝ ዋናውን መስመር አስዘጋለሁ!»

መስመሩ ቢዘጋ በዚያ ሰዓት ቀዶ ጥገና ላይ ያለው ሆስፒታል ውሃ ሊደርቅበት ነው፤ ባይዘጋና ውሃው የተመረዘ ቢሆን ግን ከዚያ የከፋ ነው። ስለዚህ መርማሪይቱ፣ ፊታቸው እንደ ተኛ ኩሬ ጸጥ ብሎ፣ ተነሥተው ዘመቱ። በፊታቸው ሾፌሩ፣ ጥሩምባ የተባለው፣ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም እንኳ የሚያንጫርር፤ በኋላቸው ቧንቧ ሠራተኛው፣ መፍቻ የተባለው፣ ያልተበላሸውንም ፈትቶ የሚያይ፤ በጉልበታቸው ላይ የመመርመሪያው ሣጥን፤ ከሣጥኑ በላይ የናሙና ጠርሙሶች፣ ጓንት፣ አንድ የተነከሰ ፖም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ጥሩምባ ከመነሣቱ በፊት ነገሩን ለሚስቱ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ፣ በስልክ ነግሯት ነበር። ሚስቱ ለጎረቤቷ ነገረች፤ ጎረቤቷም ለአንዲት እናት ነገረች፤ እኒያም እናት የመርማሪይቱ ወላጅ ነበሩ። መኪናው የኮረብታውን መንገድ እንዳጋመሰ የእናት አዋጅ በስልክ ወረደ።

«አንቺ ልጅ! አገር ውሃ ሊጠፋ ነው እያለ ለእናትሽ አትነግሪም? ባልዲውን ሞላሁ፣ ጀሪካኑን ሞላሁ፣ ድስቱን ሞላሁ፣ አሁን የአባትሽን ቦቲ ጫማ እየሞላሁ ነው! ለሰፈሩም ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ኋላ እንዳይወቅሱሽ!»

ሰፈሩ ለሰፈር፣ ከተማው ለከተማ ተናገረ፤ አራቱም ከተሞች ቧንቧቸውን በአንድ ጊዜ ከፈቱ። ሊጠፋ ነው የተባለው ውሃ ይጠፋል ተብሎ ሊጠፋ ሆነ። የማጠራቀሚያው መጠን በስክሪኑ ላይ እንደ ደረጃ ወራጅ እየዘለለ ሲወርድ ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ አዋጅ ላኩ። «ሃያ ደቂቃ!»

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ የመሣሪያ ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መፍቻ መፍቻውን እንደ ጎራዴ መዘዘ። ውስጥ ግን ያገኙት ሽማግሌውን ዘበኛ ነው፤ ልጃቸው ለወገባቸው ሕመም በገዛችላቸው ሰፊ ወንበር ላይ ተዘርግተው፣ ስልካቸው በኪሳቸው እየጮኸ፣ የጻድቅ እንቅልፍ ተኝተዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ በተመለሰ ነበር። መርማሪይቱ ግን አላመኑም፤ እንቅልፍ ማስረጃ አይደለምና። አርባ ሁለት ደረጃ ባለው የብረት መሰላል፣ ከፍታ እየፈሩ፣ ወደ ታች ሳያዩ፣ ወጥተው የማጠራቀሚያውን ክዳን ቁልፍ መረመሩ፤ ማንም አልነካውም። ወርደው ከመውጫው ቧንቧ ውሃ ቀዱ፤ ትንሿን ነጭ ክኒን በብልቃጡ ጣሉ፤ ክሎሪን ካለ ውሃው ይቀላል፣ ከሌለም እንደ ነጣ ይቀራል። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ቀላ! እንደ ሙሽራ ጉንጭ ቀላ! ጥሩምባ በአፉ ጥሩምባ ነፋ።

ውሃው ደኅና ከሆነ ዋሾው ክሎሪኑን የሚለካው መሣሪያ ነው። መፍቻ ሊፈታታው ሲንደረደር መርማሪይቱ በእጃቸው ከለከሉት፤ ወደ መሣሪያው ውሃ የምታደርሰውን ቀጭን ቱቦ በጣታቸው ጫፍ እየተከተሉ፣ በግድግዳው ወርደው፣ በወለሉ ተንበርክከው፣ በመጨረሻ ጠላትን ፊት ለፊት አገኙት። እርሱም የወንበሩ የኋላ ግራ እግር ነበር፤ ቱቦዋን ረግጦ፣ በላዩም ዘበኛው ከነሙሉ ክብደታቸው ነግሠውበት።

«ጋሼ፣ በአራት ከተሞች ስም እለምንዎታለሁ፣ ብድግ ይበሉ!» ብለው መርማሪይቱ አወጁ።

ዘበኛው ብድግ አሉ። ቱቦዋ ተነፈሰች። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ፣ ነጥብ አንድ፣ ነጥብ ሦስት፣ ነጥብ አምስት ብሎ ዙፋኑ ላይ ተመለሰ። ሽማግሌው ግን ቃላቸውን ሰጡ። «የዘብ ቤቱን ጣሪያ ንፋስ ከወሰደው ወር አለፈው፤ ፀሐዩ አናቴን ቢመታኝ ነው እዚህ የገባሁት። ልታባርሩኝ ነው?»

መርማሪይቱ በሪፖርቱ ላይ እውነቱን ሁሉ ጻፉ፤ ወንበሩንም አልደበቁም፣ እንቅልፉንም አላለፉም። ከሁሉ በላይ ግን በትልቁ እንዲህ ብለው ጻፉ። «ማጠራቀሚያው ጠባቂ አለው፤ ጠባቂው ግን ጥላ የለውም።» የዘብ ቤቱ ቆርቆሮም በማግሥቱ ተመታ። ለጀርም ምርመራ የሚሆነውን ናሙናም አልዘነጉም፤ ባክቴሪያ አዋጅ አይሰማምና ውጤቱ እስከ ማግሥት ተጠበቀ፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

በዚያው ማክሰኞ ግን፣ ከሃያው ደቂቃ አራት ሲቀር፣ መርማሪይቱ በስልክ «ንጹሕ ነው፣ አትዝጉ!» ብለው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ክራባታቸውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ሆስፒታሉም ምንም ሳይሰማ ቀዶ ጥገናውን ጨረሰ። በአራቱ ከተሞች ግን ይህ ሁሉ የተቀዳ ውሃ ምን ይሁን ተባለ፤ በዚያን ቀን ያልታጠበ ነገር አልነበረም፤ ምንጣፍ ታጠበ፣ ታክሲ ታጠበ፣ ደረጃ ታጠበ፣ ከእሑድ ወደ እሑድ ሲያመልጥ የኖረ ባልም ተይዞ ታጠበ። የመርማሪይቱ እናትም በግቢው መሐል ቆመው የመጨረሻውን አዋጅ ነገሩ። «ጠጡ! የኔ ልጅ አይታዋለች!»

ሌላው ጀግና ከተማ ሲይዝ ከተማው ይሸሻል፤ እኚህ ግን አራቱን ሲያድኑ አራቱም ልብስ ያሰጡ ነበር። ዕድሜያቸው እንደ ዋናው መስመር ይርዘም፤ ጠላታቸው ባለ ሦስት እግር ሆኖ ይቅር፤ በየቤቱ የሚከፈት ቧንቧ ሁሉ፣ ሰው ልብ ባይለውም፣ ስማቸውን እያንሾካሾከ ይውረድ።